«አባታቸው ያውቃል?»፦ የትዳር ጓደኛንና የእንጀራ ልጆችን ወደ ውጭ ለመውሰድ

የጋብቻ ሰርተፍኬቱ አለ። አብረው የተነሷቸው ፎቶዎች አሉ። የገቢ ማስረጃው ተሟልቷል። የሚስትየው ፋይል እንከን አይወጣለትም። ከዚያ የቆንስላው ሠራተኛ የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት ይገልጣል። አንድ ስም ላይ ጣቱን ያሳርፍና ቀና ይላል። «አባታቸው መሄዳቸውን ያውቃል?»

ብዙ ቤተሰብ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው። ጋብቻው እውነተኛ ስለሆነ ልጆቹም እናታቸውን ተከትለው የሚያልፉ ይመስለናል። እንዲህ ቀላል አይደለም። እናትየው አዋቂ ናት፤ የት እንደምትኖር ራሷ ትወስናለች። የአሥር ዓመት ልጅ የት እንደሚኖር ግን የሚወስኑለት ሰዎች አሉ። ሰዎቹ ሁለት ከሆኑ የአንዳቸው «እሺ» አይበቃም።

ይህን የምጽፈው ከሌላ አገር ሰው ጋር ለተጋባችሁና ከቀድሞ ግንኙነት የተወለዱ ልጆችን ጭምር ይዛችሁ በአንድ ቤት ለመኖር ለምትጣጣሩ ነው። እንዲቀለኝ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ያሉ፣ የቀረው ወላጅ ደግሞ አባት እንደሆነ አድርጌ እሄዳለሁ። ተገላቢጦሹም ያው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኢሚግሬሽን መመሪያ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ ከማመልከታችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር የወቅቱን መመሪያ እዩ።

መግቢያውና መውጫው

ልጁ ሁለት በሮች ማለፍ አለበት። አንዱ የምትሄዱበት አገር በር ነው። እዚያ የሚጠየቀው «ይህ ልጅ ከስፖንሰሩ (እዚያ ሆኖ ቤተሰቡን ከሚያስመጣው ሰው) ጋር ምን ዝምድና አለው? ዕድሜው ስንት ነው? ማን ያኖረዋል?» የሚል ነው። ይህን የሚመልሰው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ሁለተኛው ልጁ አሁን ያለበት አገር በር ነው። እዚያ የሚጠየቀው «ይህን ልጅ ከዚህ አገር አውጥቶ ሌላ አገር የማኖር መብት ያለው ማነው?» የሚል ነው። ይህን የሚመልሰው የቤተሰብ ሕግ ነው።

ሁለቱ በሮች ሌላ ሌላ ቁልፍ አላቸው። ቪዛ መሰጠቱ የአባትን መብት አያነሳም። የፍርድ ቤት ውሳኔ በእጅ መኖሩም ቪዛ አያስገኝም። ሰው የሚቸገረው ለአንዱ በር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲዘጋጅ ቆይቶ ሌላውን በመጨረሻው ወር ሲያስታውስ ነው። እኔ የምመክረው ግልባጩን ነው። ከመውጫው በር ጀምሩ። የኢሚግሬሽን ፎርም ሳትሞሉ በፊት የአባትየውን ጉዳይ አጥሩ።

«ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው»

እናት እንዲህ ስትል እውነቷን ነው። ልጁ ሲያተኩሰው ቁጭ ብላ የምታድረው እሷ ናት። ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ የምትሄደው እሷ ናት። ሕግ ግን ሁለት ነገሮችን ይለያል። አንደኛው ልጁ ዕለት ተዕለት ማን ጋር ይኖራል የሚለው ነው። ሌላው በልጁ ሕይወት ላይ ትልልቁን ውሳኔ ማን ይወስናል የሚለው ነው፦ የት አገር ይኖራል፣ የት ይማራል፣ ከባድ ሕክምና ቢያስፈልገው ማን ይፈርማል። ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ለእናት ሰጥቶ ሁለተኛውን ለሁለቱም ሊተው ይችላል። በብዙ አገሮች የተለመደውም ይኸው ነው።

ስለዚህ የፍቺ ውሳኔውን ከመሳቢያ አውጡና ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የአሳዳጊነት መብቱ «የጋራ» ነው ወይስ «ለእናት ብቻ»? ልጁን ከአገር ስለማስወጣት የተባለ ነገር አለ? አባት የሚጠይቅበት ቀን ተወስኗል? ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። «አባት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ ልጁን ያገኛል» የምትል አንድ መስመር አለች እንበል። ልጁ ሌላ አህጉር ሲሄድ ያ ቅዳሜ ይቀራል። እናትየው ክፉ ሳታስብ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጣሰች ማለት ነው። ያንን መስመር በአባትየው ስምምነት ወይም በአዲስ ውሳኔ ማስቀየር ያስፈልጋል።

«እኛ ፍርድ ቤት ሄደን አናውቅም» የሚሉም አሉ። ውሳኔ የለም ማለት ግን እናት ብቻዋን ትወስናለች ማለት አይደለም። ተጋብተው ከነበረ፣ ውሳኔ እስካልተሰጠ ድረስ መብቱ ብዙውን ጊዜ የሁለቱም ነው። ሳይጋቡ ከወለዱ ደግሞ አገሩ ይለያያል። በጀርመን ወላጆቹ ካልተጋቡና የጋራ አሳዳጊነት ካላስመዘገቡ ወይም ፍርድ ቤት ካልወሰነ መብቱ የእናት ብቻ ነው። በእንግሊዝ ግን ከዲሴምበር 1 ቀን 2003 ወዲህ ስሙ በልደት መዝገብ ላይ የገባ አባት፣ ባይጋባም፣ የወላጅነት ኃላፊነት አለው። ስለዚህ ጥያቄው «ልጁ የሚኖርበት አገር ሕግ ምን ይላል?» ነው። ከጎረቤት የሰሙት አይሠራም።

ለምን ይህን ያህል ያጠብቃሉ?

ቢሮክራሲ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጀርባው አንድ ትልቅ ስምምነት አለ። በኦክቶበር 25 ቀን 1980 ሄግ ላይ የተፈረመው፣ በአንድ ወላጅ ከአገር አገር ስለሚወሰዱ ልጆች የሚደነግገው ስምምነት ነው። በዲሴምበር 1983 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ገብተውበታል። የሚሠራው ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሲሆን፣ ሁለቱም አገሮች የስምምነቱ አባል ሆነው በመካከላቸው ሲጸና ነው።

በተግባር ምን ይመስላል? አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ አዲሱ ባሏ ወዳለበት አገር ሄደች እንበል። ቪዛው ትክክለኛ ነው። አባትየው ግን አልተስማማም። ልጁ ትምህርት ቤት ገባ፣ ቋንቋውን ጀመረ፣ ጓደኛ አፈራ። በስድስተኛው ወር ከፍርድ ቤት ደብዳቤ መጣ። ዳኛው «ጥሩ ወላጅ ማነው?» ብሎ አይጠይቅም። «አዲሱ ቤት ይሻላል ወይስ አሮጌው?» ብሎም አያወዳድርም። የሚጠይቀው ልጁ ያለ አባቱ ፈቃድ፣ የአባቱን መብት ጥሶ ወጥቷል ወይ ብሎ ነው። ወጥቶ ከሆነና ዓመት ሳይሞላ ከተከሰሰ፣ መሠረታዊው ሕግ ልጁ ይመለስ ነው። ስለ አሳዳጊነቱ የሚወስነው የዚያኛው አገር ፍርድ ቤት ይሆናል።

ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ልጁ ቢመለስ ከባድ አደጋ የሚገጥመው ከሆነ፣ የበሰለ ልጅ ራሱ አልመለስም ካለ፣ ወይም ዓመት ካለፈና ልጁ በአዲሱ ቦታ ሥር ከሰደደ ፍርድ ቤቱ ላይመልሰው ይችላል። ከሁሉም ይልቅ ግን አንዱን ያዙት፦ አባትየው አስቀድሞ ተስማምቶ ከነበረ ክሱ መሠረት ያጣል። ያቺ የተፈረመች ወረቀት ለቆንስላው ብቻ አይደለም የምትጠቅመው። ልጁ ተላምዶ ከተቀመጠበት ቤት ተነስቶ እንዳይመለስ የምትጠብቀው እሷ ናት።

አገሩ የስምምነቱ አባል አይደለም ብሎ መዝናናትም አይገባም። የየአገሩ የራሱ ሕግ አለ፣ አንዳንዱም ወንጀል ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ ከ1993 ጀምሮ በወጣ የፌዴራል ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያለን ልጅ የሌላውን ወላጅ መብት ለማደናቀፍ ከአገር ማስወጣት እስከ 3 ዓመት ያሳስራል።

አሜሪካ፦ 18፣ 21 እና የዜግነት ወጥመድ

የአሜሪካ ሕግ የእንጀራ ልጅን እንደ ልጅ ይቆጥራል፤ ግን እናቱና የእንጀራ አባቱ የተጋቡት ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከሆነ ነው። የሚቆጠረው የጋብቻው ቀን ነው። ልጁ 18 በሞላ በማግስቱ የተፈረመ ጋብቻ ያንን በር ይዘጋዋል። ሰርጉን ለሚቀጥለው ክረምት የሚያስተላልፉ ጥንዶች የልጁን ልደት ቀን ሊያዩት ይገባል። ቀኑ ካለፈ መንገዱ ሌላ ነው። እናት ግሪን ካርድ ካገኘች በኋላ ራሷ ለልጇ ታመለክታለች፤ ያ ደግሞ ረዘም ያለ ወረፋ ሊኖረው ይችላል።

ስፖንሰሩ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ፣ ለሚስቱ በሞላው ማመልከቻ ላይ ልጆቹ አብረው አይገቡም። አይ-130 የሚባለው ፎርም ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው መሞላት አለበት። ሦስት ልጅ ካለ ከእናትየው ጋር አራት ማመልከቻ ነው። ስፖንሰሩ ግሪን ካርድ ያዥ ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ያላገቡና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በእናታቸው ማመልከቻ ሥር ይከተላሉ።

እዚህ መሃል የተደበቀ ወጥመድ አለ። ሰውየው ግሪን ካርድ እያለው አመለከተ። ልጆቹ በእናታቸው ሥር ገቡ። ፕሮሰሱ ሳያልቅ ሰውየው ዜግነት አገኘ፣ ተደሰተ። የሚስቱ ጉዳይ ፈጠነ። የልጆቹ ግን ተቋረጠ፤ ምክንያቱም በዜጋ ማመልከቻ ሥር ተከታይ ልጅ የለም። ለእያንዳንዳቸው አዲስ አይ-130 ማስገባት ግድ ይሆናል። ማንም ሳይነግራቸው እናትየው ቪዛ ይዛ ልጆቿ የቀሩባት ቤተሰብ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። ለዜግነት የምታመለክቱ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት።

የዜጋ ማመልከቻ አንድ ጥሩ ጎን አለው። ማመልከቻው በገባበት ቀን ልጁ ከ21 በታች ከነበረና ካላገባ፣ ፕሮሰሱ ቢዘገይ እንኳ ዕድሜው እዚያው ላይ ይቆምለታል። በገንዘብ በኩል ስፖንሰሩ ለቤተሰቡ ቁጥር ከተቀመጠው የድህነት መነሻ 125 በመቶ የሚደርስ ገቢ ማሳየት አለበት። ልጆቹ በቁጥሩ ውስጥ ይገባሉ። አንዳንዱ ሰው የሚስቱን ብቻ አስልቶ የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው።

የአባትየው ፈቃድስ? የእንጀራ ልጅን ዝምድና ለማረጋገጥ የሚሞላው ፎርም ፈቃዱን እንደ ቅድመ ሁኔታ አያስቀምጥም። ነገር ግን ቆንስላው የአሳዳጊነት ውሳኔ ወይም የፈቃድ ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል፤ የሚወጡበት አገርም እንዲሁ። ባይጠየቅስ? መልሱ ከላይ ያለው የሄግ ጉዳይ ነው።

ካናዳ፦ ያልተጠቀሰ ልጅ

ካናዳ ከኦክቶበር 2017 ወዲህ ጥገኛ ልጅ የምትለው ከ22 ዓመት በታች ሆኖ ያላገባና ከፍቅር ጓደኛ ጋር በትዳር መልክ የማይኖር ልጅን ነው። ከሁለቱ ወላጆቹ አንዱ የማይሄድ ከሆነ አይኤምኤም 5604 የሚባል ፎርም አለ። የሚቀረው ወላጅ ልጁ ካናዳ ሄዶ እንዲኖር መስማማቱን የሚፈርምበት ነው።

ካናዳ ላይ በጣም የሚጎዳው ግን ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ እናቶች ከአባቱ ጋር የቀረውን ልጅ ፎርሙ ላይ ሳይጽፉት ይቀራሉ። ነገር ለማቅለል ነው። «አሁን እሱ አይሄድም፤ ለምን አወሳስባለሁ?» ይላሉ። የካናዳ መመሪያ ግን አብሮ የማይሄደው ልጅም እንዲጻፍና የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ይጠይቃል። ያልተጻፈና ያልተመረመረ ልጅ በኋላ በቤተሰብ ስፖንሰርነት እንዳይመጣ ሊታገድ ይችላል። ከ2019 ጀምሮ አንዳንዶችን የሚያድን ጊዜያዊ ፖሊሲ ወጥቷል፤ እሱን ተስፋ አድርጎ ልጅን መደበቅ ግን አያዋጣም። አባትየው ልጁን ለምርመራ አልሰጥም ካለ፣ ያንኑ ጽፋችሁ ከነውሳኔው አያይዙ። የልጁ ስም ፋይሉ ላይ ይኑር። ዋናው ነገር ይህ ነው።

እንግሊዝ፣ አውስትራሊያ፣ አውሮፓ

እንግሊዝ ከሁሉም የሚከብደውን ጥያቄ ትጠይቃለች። ልጁ የእንጀራ አባቱ ጋር ሊሄድ ከሆነና ወላጅ አባቱ በሕይወት ካለ፣ እናት ልጁን በተመለከተ «ብቸኛ ኃላፊነት» እንዳላት ማሳየት አለባት። አለበለዚያ ልጁን መከልከል ተገቢ የማይሆንበት ከባድ የቤተሰብ ምክንያት መኖር አለበት። ብቸኛ ኃላፊነት ማለት ልጁ ከእሷ ጋር ያድራል ማለት ብቻ አይደለም። ትልልቁን ውሳኔ ሁሉ የምትወስነው እሷ ናት ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። የአባትየው የፈቃድ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፤ አንዳንዴም ተቃራኒውን ሊያሳይ ይችላል። አባት «የልጄን ትምህርት ሁልጊዜ አብሬ እየወሰንኩ ነው፤ አሁንም ፈቅጃለሁ» ብሎ ቢጽፍ በቅንነት ነው። ግን ኃላፊነቱ የብቻ አለመሆኑን በራሱ እጅ መሰከረ። ስለዚህ ለእንግሊዝ ማስረጃው ከትምህርት ቤት፣ ከሐኪም፣ ክፍያ ከተፈጸመበት ደረሰኝ ይመጣል፦ ማን ፈረመ፣ ማን ተጠራ፣ ማን ከፈለ። እውነቱን ብቻ አሳዩ። አባት በልጁ ሕይወት ውስጥ ካለ ያንን መደበቅ ሳይሆን ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር መማከር ነው የሚሻለው።

አውስትራሊያ ጥያቄዋን ግልጽ አድርጋ ጽፋዋለች። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቪዛ ለመስጠት ከሦስቱ አንዱ መሟላት አለበት፦ የልጁ አገር ሕግ ልጁ እንዲወጣ ይፈቅዳል፣ ወይም የት እንደሚኖር የመወሰን መብት ያላቸው ሁሉ ተስማምተዋል፣ ወይም ቪዛው ከአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጋር ይስማማል። ስምምነቱ የሚፈረምበት ፎርም 1229 ይባላል።

በአውሮፓ ኅብረት የ2003ቱ የቤተሰብ መቀላቀል መመሪያ የትዳር ጓደኛን ልጆች ያካትታል። አሳዳጊነቱ የጋራ ከሆነ ግን አገሮቹ ሌላው ወገን እንዲስማማ ይጠይቃሉ። መመሪያው የሚመለከተው ስፖንሰሩ ከኅብረቱ ውጭ የሆነ አገር ዜጋ ሲሆን ነው፤ ዴንማርክና አየርላንድም የሉበትም። ጀርመን የጋራ አሳዳጊነት ባለበት የአባትን ስምምነት ወይም ሥልጣን ያለው አካል የሰጠውን አስገዳጅ ውሳኔ ትቀበላለች።

አባትየው

ቢስማማ ነገሩ የወረቀት ሥራ ነው። ወደ ደብዳቤው እመለሳለሁ።

ከሞተ የሞት ሰርተፍኬት ይበቃል። የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስምና የሞት ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ግን አረጋግጡ። አንድ ፊደል ስትለይ ፋይሉ ወራት ይጎተታል።

ከጠፋስ? «ከአምስት ዓመት ወዲህ ድምፁን ሰምተን አናውቅም» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። የፈለጋችሁት መሆኑ መታየት አለበት። በመጨረሻ በሚታወቅ አድራሻው በአደራ ደብዳቤ ላኩ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ። እናቱን፣ ወንድሙን ጠይቁ፤ የተባባላችሁትን የስልክ መልእክት አትሰርዙ። ከዚያ ልጁ የሚኖርበት አገር ፍርድ ቤት ሂዱና አሳዳጊነቱ ለእናት ብቻ እንዲሆን፣ ልጁንም ከአገር ይዛ እንድትወጣ እንዲፈቀድ አመልክቱ። በብዙ አገሮች ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ ማስታወቂያ ወይም በሌላ መንገድ አባትየውን ይጠራና ካልቀረበ በሌለበት ይወስናል። ወራት ይፈጃል። ከመውጫው በር ጀምሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

እምቢ ካለ? መጀመሪያ ለምን እምቢ እንዳለ ስሙት። ብዙ ጊዜ እምቢታው ከገንዘብም ከቅናትም አይደለም። ልጁን ዳግመኛ አያለሁ ወይ የሚል ፍርሃት ነው። ይህ ፍርሃት መልስ ሊያገኝ የሚችል ነው። በሳምንት ስንት ጊዜ በቪዲዮ ይደዋወላሉ? በየዓመቱ የትኛውን ዕረፍት አባቱ ጋር ያሳልፋል? ትኬቱን ማን ይቆርጣል? ልጁ የአባቱን ቋንቋ እንዳይረሳ ምን ታስቧል? ይህን ወረቀት ላይ አስፍራችሁ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ወይም አስማሚ ባለበት ተነጋገሩ። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 10 ወላጆቹ በተለያየ አገር የሚኖሩ ልጅ ከሁለቱም ጋር በመደበኛነት የመገናኘት መብት አለው ይላል። መብቱ የልጁ ነው።

አሁንም እምቢ ካለ የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው የልጁን ጥቅም ያያል። አንቀጽ 12 ደግሞ ልጁ እንደ ዕድሜውና ብስለቱ ሐሳቡ እንዲሰማ ይላል፤ የ13 ዓመት ልጅ ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ዳኛ ፊት የሚረዳችሁ ያ የመገናኛ እቅድ ነው። አባትየውን ማጠልሸት ግን ብዙውን ጊዜ ይጎዳችኋል። ልትሸነፉ የምትችሉበት ጉዳይ መሆኑን አውቃችሁ ሂዱ። አንዳንድ ዳኛ አይፈቅድም፤ ያኔ ቤተሰቡ እንደገና ማሰብ አለበት። ምናልባት አገር መቀየር ያለበት አዲሱ ባል ይሆናል።

አባትየው ደብዳቢ ከነበረስ? እንግዲህ ይህ ለብቻው ነው። ማንም ሰው «ሂጂና ለምኚው» ሊላት አይገባም። የፖሊስና የሐኪም ማስረጃ ይዞ በጠበቃ በኩል ፍርድ ቤት መሄድ ነው። አዲሱ አድራሻ ለእሱ እንዳይገለጽ መጠየቅም ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበል። ፊርማ የሚያስመስል ሰው ልናገኝላችሁ እንችላለን የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። የተጭበረበረ ሰነድ ሲገኝ ልጁ ብቻ አይደለም የሚቀረው። የእናትየው ጉዳይም ይበላሻል፤ በአንዳንድ አገር ለዓመታት፣ በአሜሪካ ደግሞ ለዘለቄታው ሊዘጋባት ይችላል።

ደብዳቤው

ብዙ የፈቃድ ደብዳቤ የሚወድቀው በአንድ ቃል ነው። አባትየው «ልጄ ከእናቱ ጋር ወደ ውጭ እንዲጓዝ ፈቅጃለሁ» ብሎ ይፈርማል። መጓዝ የሁለት ሳምንት ዕረፍትም ሊሆን ይችላል። መፈቀድ ያለበት መኖር ነው። ቢያንስ እንዲህ ይሁን፦

«እኔ ______፣ የፓስፖርት ወይም የመታወቂያ ቁጥር ______፣ በ______ ቀን የተወለደው የ______ ወላጅ አባት ነኝ። ልጄ ከእናቱ ከ______ ጋር ወደ ______ ሄዶ በቋሚነት እንዲኖር፣ ለዚህም የሚያስፈልገው የመኖሪያ ቪዛ እንዲሰጠው ተስማምቻለሁ። የተስማማሁት በሙሉ ፈቃዴ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም።»

ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ ይሁን። ፊርማው ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይፈረም። የመታወቂያው ቅጂ ይያያዝ። የምትሄዱበት አገር የራሱ ፎርም ካለው እሱ ይቅደም። ትርጉም ካስፈለገ በተፈቀደለት ተርጓሚ ይሠራ። ሰነዱ በሌላ አገር ተቀባይነት እንዲኖረው በአንዳንድ አገሮች አፖስቲል የሚባለውን በሌላ አገር የሚታወቅ የሰነድ ማረጋገጫ፣ በሌሎቹ ደግሞ የውጭ ጉዳይና የኤምባሲ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ቀኑንም እዩ። ከሦስት ዓመት በፊት የተፈረመ ደብዳቤ «አሁንም ይስማማል?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል።

ከደረሳችሁ በኋላ

የእንጀራ አባት ልጁን ስፖንሰር ስላደረገ በሕግ አባት አይሆንም። ትምህርት ቤት ሊያስመዘግብ ይሄድና ፊርማው ላይበቃ ይችላል። ሐኪም ቤትም እንዲሁ። ቢያንስ ከእናትየው የተሰጠ የጽሑፍ ውክልና ይኑረው። በእንግሊዝ የወላጅነት ኃላፊነት ካላቸው ጋር በሚደረግ ስምምነት ወይም በፍርድ ቤት ኃላፊነቱን መጋራት ይችላል። ጉዲፈቻ ደግሞ ሌላ ትልቅ ውሳኔ ነው፤ በብዙ አገሮች የወላጅ አባትን መብት ያቋርጣል። ለቪዛ ሲባል ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም።

አሜሪካ ስትገቡ ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው ግሪን ካርዱ የሁለት ዓመት ጊዜያዊ ነው። ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ጊዜያዊነቱ እንዲነሳ የሚጠየቅበት አይ-751 የሚባል ፎርም ይሞላል። አብረው ወይም ከእናታቸው በ90 ቀን ውስጥ የገቡ ልጆች በእሷ ፎርም ላይ ይካተታሉ። ዘግይተው የገቡት ለየብቻቸው ይሞላሉ። ዜግነትን በተመለከተም የእንጀራ አባት ዜጋ መሆኑ ብቻውን ልጁን ዜጋ አያደርገውም። እናት ራሷ ዜግነት ስታገኝ፣ ልጁ ከ18 በታች ሆኖ ግሪን ካርድ ኖሮት በእሷ አሳዳጊነት ሥር አብሯት ሲኖር ነው በቀጥታ የሚያገኘው። የአሳዳጊነት ወረቀቱ እዚህም ይፈለጋል፤ ስለዚህ አትጣሉት።

የጉዞው ቀን ደግሞ ወረቀቶቹ በሻንጣ አይገቡም። ዋናው የፈቃድ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና የልደት ሰርተፍኬት በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። አንዳንድ የድንበር ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ልጁን ራሱን ይጠይቃል። «ይህ ሰውዬ ምንህ ነው? የት ነው የምትሄዱት? አባትህ የት ነው?» ልጁ ይደነግጣል፤ እናቱን ያያል። የሚመልሰውን አታስጠኑት። ከሳምንታት በፊት ግን አስቀምጣችሁ እውነቱን ንገሩት፦ ወዴት እንደምትሄዱ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ የእንጀራ አባቱን ምን ብሎ ቢጠራው እንደሚመቸው፣ ከአባቱ ጋር መቼ መቼ እንደሚደዋወል። የመጀመሪያው ጥሪ ቀንና ሰዓት አባቱም ልጁም እጅ ላይ ይኑር፤ የሁለቱ አገር የሰዓት ልዩነት ተሰልቶ።